ኢብሮ ያላየው መንገድ

ሮቢት፣ ኅዳር 12 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ራቢዓ፤ አሊዩ አምባ።

እንደምን ከርመዋል? «ከርመዋል» ማለቴ ራሱ ያሳፍረኛል። እንደ ወንድም የበላሁበትን ቤት ለቅሶ ሳልደርስ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ፣ ዛሬ ተነሥቼ ደኅንነትዎን ስጠይቅ። ነጋዴው ሙሳ በቅሎዎቹን ሲያጠጣ ወንዝ ዳር አገኘኝና መልእክትዎን አደረሰኝ። ቃል በቃል ነው የነገረኝ፦ «ማሲንቆ መቺው ክንፈ በሕይወት ካለ፣ ባሌን ቀብሮ ለምን እንዳልመጣ ጠይቀው።»

በሕይወት አለሁ። ኢብሮን የቀበርነው በጥቅምት 1928 ነው። የሮቢት ሙስሊሞች አጥበው፣ ከፍነው፣ ሰግደውበት፣ እኔም ከኋላ ሆኜ አፈር አልብሼዋለሁ። በሳምንቱ የክተቱ ጥሪ ደረሰኝና ወደ ሰሜን ዘመትኩ። ስመለስ አገሩ የጣሊያን ሆኖ ጠበቀኝ። ከዚያም አዝማሪ እየተለቀመ ሲጠፋ እርስዎም ሳይሰሙ አይቀሩም። ማሲንቆዬን በአገዳ ክምር ውስጥ ደብቄ «ገበሬ ነኝ» እያልኩ ኖርኩ። ይህ ሁሉ ምክንያት እንጂ መልስ አይደለም። እውነቱ፣ ፊትዎን ማየት ፈርቼ ነው።

አሁን ያለሁት ሮቢት፣ የመንገድ ሠሪዎች ካምቦ ነው፤ ድንጋይ እፈልጣለሁ። የጻፍኩት ግን አንድ ነገር ልለምንዎ ነው። ባለፈው እሑድ ሠራተኛው ከግራሩ ጥላ ሥር ተኮልኩሎ፣ ማንም ከማንም ሳይነጋገር ተቀምጦ ነበር። የወሎ ሰው አለ፣ የትግሬ አለ፣ ጉራጌ አለ፣ ከየመን የመጡ ዓረቦችም አሉ። ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፤ ማሲንቆዬን አውጥቼ የኢብሮን «ጨው» ዘፈንኩ። ያችን፦

ጨው ግዛ ብለው ወሬ ገዝቶ መጣ፤
ያን ብነሰንሰው ወጡ ጣዕም አጣ።

አንድ ሰው አልሳቀም። አንዱ ወሎዬ ጭራሽ ተጠግቶኝ፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ ሚስትህ ከሞተች ቆየች?» አለኝ።

እንደሚያውቁት እኔ መቺ እንጂ ዘፋኝ አልነበርኩም። አሥራ አንድ ዓመት ከጎኑ ተቀምጬ ፊቱን እንኳ አይቼ አላውቅም፤ ዓይኔ ከጣቶቼ ላይ ነበር። ዘፈኖቹን እንድዘፍን ይፈቅዱልኛል? ከፈቀዱልኝስ ኢብሮ ምን ያደርግ እንደ ነበር ይንገሩኝ። ያ ሁሉ ገበያተኛ ለምን ነበር የሚስቀው?

ታናሽ ወንድምዎ ክንፈ


አሊዩ አምባ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለወንድሜ ክንፈ።

አሰላሙ ዓለይኩም። አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ። ይህን የሚጽፍልኝ የቀድሞው የኬላ ጸሐፊ አቶ ይልማ ነው። ኬላው ከተዘጋ ወዲህ ብዕሩ ሥራ ፈቷል። ቃሌን ሳይጨምር ሳይቀንስ እንዲጽፍ አስምዬዋለሁ።

ለቅሶውን በተመለከተ ተቀይሜሃለሁ። የባሌን ሞት ገበያ መሐል ቆሜ ከጨው ነጋዴ አፍ ነው የሰማሁት። ነገር ግን «ፊትዎን ፈራሁ» ያልከው ቂሜን ግማሽ ወሰደው። የቀረው ግማሽ የምጠይቅህን ስትመልስ ይሄዳል። ስንት ቀን ታመመ? ለምን አልተላከብኝም? መጨረሻስ ምን አለ?

ዘፈኖቹን ዝፈን፤ ፈቅጃለሁ።

ያልሳቁልህ እንደ ለቅሶ ስለምትዘፍነው ነው። ኢብሮ ሲዘፍን አይስቅም፣ አያዝንምም፤ እንደ ተበደለ ሰው ይቆጣ ነበር። «ጨው ግዛ ብለው» ሲል ዓይኑን ከአንድ ሰው ላይ ይተክላል። ሁልጊዜም ሚስቱን የሚፈራ የሚመስለውን መርጦ ነው። «ያን ብነሰንሰው» ይልና ዝም ይላል። አንተ ያችን ዝምታ በማሲንቆ ትሞላበት ነበር፤ ስንት ቀን እየተናደደ ቤት ገብቷል መሰለህ! አትሙላት። ተዋት። ሰዉ ወጡን በአፉ ይቅመሰው። ከዚያ በኋላ ነው «ወጡ ጣዕም አጣ» የሚባለው።

ደግሞ ዘፈኑ በሴት አፍ መሆኑን አትርሳ። ድምፅህን ግን አታቅጥን፣ ነጠላም እንደ ሴት አትከናነብ። አትቀልድባት። ሴትዮዋ እውነቷን ነው።

በሙሳ የጠየቅኸኝ፣ የጠፋብህ ስንኝ ይኸውልህ፦

ዳግመኛ ብልከው ጨው እንዲሸምትልኝ፣
«ጨው ረክሷል» የሚል ወሬ አመጣልኝ።

ራቢዓ


ሮቢት፣ ጥር 20 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ራቢዓ።

ሳቁ! እንዴት ልንገርዎ? «ያን ብነሰንሰው» ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ትግሬ ሽማግሌ አፉን ሲያጣጥም አየሁት፤ ወጡን መቅመሱ ነው። «ጣዕም አጣ» ስል ከጎኑ ያለውን ሰው ትከሻ እየመታ ወደቀ። «ጨው ረክሷል» የምትለው ላይ ስንደርስማ ዓረቦቹም ሳቁ። ቋንቋውን አያውቁም፤ የሳቁት በሰዉ ሳቅ ነው። አሁን በየእሑዱ ይጠብቁኛል። ማንም «አዝማሪ» አይለኝም፤ «ባለ ጨው» ነው ስሜ።

ለጠየቁኝ፦ ዘጠኝ ቀን ታመመ። ነዳድ ነው የያዘው፤ የቆላ ወባ። ልላክብዎ ስል ክንዴን ይዞ አስማለኝ። «ራቢዓ ከሰማች ትወርዳለች፤ ከወረደች ነዳዱ ይይዛታል። ዝም በል» አለኝ። መሐላ ጠበቅሁ፤ ልክ ይሁን ስሕተት እስከ ዛሬ አላውቅም። መጨረሻ ያለውን ግን ዛሬ አልጽፈውም። እንዳይቀየሙኝ፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ሌላም እምቢ ያለኝ አለ። እዚህ ካምቦ ለሠራተኛው ኪኒን ያድላሉ። አስተርጓሚው «ነዳድ ከአየር የሚመጣ እንዳይመስላችሁ፣ ቢንቢ ነች የምታመጣው» ብሎ ነገረን። እኔና ኢብሮ ደግሞ ስንት ዓመት በየገበያው ያስጨበጨብናት ዘፈን የቢንቢ አይደለች?

የሮቢት ቢንቢ ዘፈን ታውቃለች፣
ከጆሮዬ ቆማ ትደረድራለች፤
ሽልማቷን ራሷ ከክንዴ ወስዳለች።

ለካ ገዳዩን ነበር የምናሞግሰው። ሠራተኛው ዘፈኗን ሰምቷታል፤ «የቢንቢዋን!» እያለ ይጮኻል። አልችልም ብያለሁ። የኢብሮን ስም ለማሳደግ ተነሥቼ እሷን መዝፈን ነውር ይመስለኛል።

ክንፈ


አሊዩ አምባ፣ መጋቢት 25 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለወንድሜ ክንፈ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። አቶ ይልማ ሁለት ጊዜ ብዕሩን ይዞ መጥቶ ሁለት ጊዜ መልሼዋለሁ። ታምሜ እንደ ሆነ ሙሳን አስጠይቀኸዋል፤ አልታመምኩም። ዘጠኙን ቀን አንድ በአንድ ሳስባቸው ነው የከረምኩት። በስንተኛው ቀን እኔ ምን እሠራ እንደ ነበር። በአምስተኛው ቀን ሠርግ ሄጄ ስቄአለሁ፤ አስታወስኩት።

ልክ ነህ ወይስ ተሳስተሃል ላልከው፣ እኔም አላውቅም። ቢልክብኝ እወርድ ነበር። ያ ሰው ያውቀኝ ነበር።

ቢንቢዋን ዝፈናት። ነውር አይደለም። ኢብሮ የምትገድለው እሷ መሆኗን ቢያውቅ ኖሮ ሌላ ስንኝ ይጨምርላት ነበር እንጂ አይተዋትም። እሱ የሚፈራውን ነገር ሁሉ ነበር የሚዘፍነው፤ ያላስተዋልከው ይህን ነው። ግመል ይፈራ ነበር። እኔን ይፈራ ነበር።

ደግሞ ከኢብሮ ዘፈኖች የተረሳች አንዲት ትዝ አለችኝ። ሙሳ ስለ ካምቦው ሲያጫውተኝ ነው ትዝ ያለችኝ፤ ለሠራተኞቹ ትሆን ይሆናል፦

ግመሌ ደነቃት መኪናውን አይታ፤
«ምን በልቶ ይውላል ይህ የብረት ጌታ?»
«መንገድ ነው ቀለቡ፣ ይኸው ሲደረድሩ።»
«አብሳዮቹ ታዲያ ምነው ጦም አደሩ?»

ግመሏ ስትናገር ቀስ በል። ግመል አትቸኩልም።

ራቢዓ


ሮቢት፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ራቢዓ።

ቢንቢዋን ዘፈንኳት። እያለቀስኩ ነው የዘፈንኳት፤ እነሱ ግን የቀልዱ አካል መስሏቸው የባሰ ሳቁ። መጨረሻ ላይ እኔም ሳቅሁ።

ግመሏን ግን እንዴት ልንገርዎ! እሑድ አንድ ጊዜ ዘፈንኳት፤ ሰኞ ጠዋት ካምቦው ሁሉ ይዟታል። መኪና ባለፈ ቁጥር አንዱ «ምን በልቶ ይውላል?» ይላል፣ መዶሻ የያዘው ሁሉ «መንገድ!» ይላል። ቀለባችን ካለፈው ወር ወዲህ በግማሽ ተቀንሷል። ስለዚህ «አብሳዮቹ ታዲያ» የምትለዋን ሲሉ ሳቁ ከሆድ ነው የሚወጣው፤ ባዶ ነውና ያስተጋባል።

አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ኢብሮ የሞተው በጥቅምት 1928 ነው። ያን ጊዜ በሮቢት መንገድ የሚሠራ ሰው አልነበረም፤ ካምቦ አልነበረም፤ ቀለብ የሚቀንስ ጌታም አልነበረም። እሱ ያላየውን መንገድ እንዴት አድርጎ ዘፈነው? አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ዞሬአለሁ፤ ይህች ከአፉ ወጥታ አታውቅም። እንደገናም የጨውን ዘፈን አሰብኩ። ወንድ ልጅ የወጥን ነገር እንደዚያ ከየት ያውቃል? እጁን ታጥቦ ከመቅረብ በቀር ኢብሮ ምድጃ አጠገብ ሲደርስ አላየሁትም።

እትዬ ራቢዓ፣ እነዚህን ዘፈኖች ማን ነው የገጠማቸው?

ክንፈ


አሊዩ አምባ፣ ግንቦት 9 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለወንድሜ ክንፈ።

ደርሰህብኛል። እኔ ነኝ።

(እዚህ ላይ እኔ ጸሐፊው ይልማ ብዕሬን አስቀምጬ ብዙ ስለ ሳቅሁ፣ ወይዘሮ ራቢዓ ተቆጥተውኛል። ይህን የጨመርኩት ከመሐላዬ ውጭ ነው።)

ሁሉም የኔ አይደሉም። ቢንቢዋ የእሱ ናት፤ የራሰ በራው የእሱ ነው፤ የኬላው ዘበኛም የእሱ ነው። ጨው፣ የሰነፍ አማች፣ ሁለቱ በቅሎዎች የኔ ናቸው። ግመሏ የኔ ናት፤ ባለፈው መጋቢት ጥጥ ስባዝት ነው የመጣችልኝ።

ለምን ደበቅሽ ብትለኝ፣ እንዲህ ነው። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ጨው ግዛ ብዬ ልኬው ባዶ እጁን መጣ። ተናድጄ ያችን ተናገርኳት። ስድብ ነበረች፤ እሱ ግን ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በዓርቡ ገበያ ላይ ዘፈናት። ማታ ሲመለስ እንደ ጥፋተኛ ቆሞ «ራቢዓ፣ ሰርቄሻለሁ» አለኝ። «እንዴት ነበሩ?» አልኩት። «አንዱ ከአህያው ወደቀ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይወስዳል፣ ዓርብ ማታ የሳቁን ነገር ያመጣልኛል። የአባቴ ዘመዶች የደረሳ፣ የቁርኣን ተማሪ ወገን ናቸው፤ ዘፋኝ ማግባቴ ሳያንስ ራሴ ግጥም እየሠራሁ ነው ቢባል ቤታችንን አይረግጡትም ነበር። ስሙ ለሁለታችንም በቃን።

ሲሞት ድምፄን ይዞ የሄደ መሰለኝ። ሁለት ዓመት አንድ ቃል አልመጣልኝም። አንተ «ሳቁ!» ብለህ የጻፍክ ዕለት፣ አቶ ይልማ ሦስት ጊዜ አነበበልኝ። ዓርብ ማታ ነበር የመሰለኝ።

እንግዲህ አውቀሃል። ለማንም አትናገር፤ «የኢብሮ ነው» በል። የሞተ ሰው አይታሰርም።

ራቢዓ


ሮቢት፣ ሰኔ 14 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ራቢዓ።

ይህን ደብዳቤ በባዶ የስንቅ ቅርጫቷ ውስጥ ደብቃ የምታወጣልኝ ለእስረኛ ስንቅ የምታመላልሰው ፋናዬ ናት። ወረቀቱ ትንሽ ነው፤ ሰላምታዬ ቢያጥር አይቀየሙኝ።

ሙሳ የነገረዎ እውነት ነው፤ ታስሬአለሁ። ግንቦት መጨረሻ ቀለቡ እንደገና ተቀነሰ። በማግስቱ አንድ ካሚዮን ሲመጣ ያ ትግሬ ሽማግሌ «ምን በልቶ ይውላል?» አለ። ማንም «መንገድ» አላለም። ሁሉም መዶሻውን አስቀምጦ ተቀመጠ። መቶ ምናምን ሰው «አብሳዮቹ ታዲያ ምነው ጦም አደሩ» እያለ እስከ ቀትር ተቀመጠ። ወታደሮች ከበውን ነበር፤ ግን የሚዘፍን ሰው ተቀምጦ ሲያዩ ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገባቸው። በማግስቱ ዳቦው ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን አስተርጓሚው መጣ።

«ማነው የገጠመው?» አለኝ።

እንዳሉኝ «ኢብሮ የሚባል ነው፣ ሞቷል» ልል አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ግን ይሄ ሰውዬ ሞኝ አይደለም ብዬ አሰብኩ። እኔ የደረስኩበትን እሱም ይደርስበታል። መቼ ሞተ ይላል፤ ሚስት አለችው ወይ ይላል።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ስለ ቀረው ነገር አልጽፍም። አለሁ። በዝናቡ ድንጋይ እንፈልጣለን፤ ያው የቀድሞ ሥራዬ ነው።

እትዬ ራቢዓ፣ ግጥምዎን የኔ ነው ብያለሁ። ይቅር ይበሉኝ። «ወርጄ እውነቱን እናገራለሁ» ማለትዎን ሙሳ ነግሮኛል፤ በኢብሮ ይዤዎታለሁ፣ እንዳይሞክሩት። ቢመጡ ሁለታችንንም ያስሩናል እንጂ እኔን አይፈቱኝም።

መውጣቴን ስለማላውቅ የቀረብኝን ልክፈል። ኢብሮ በዘጠነኛው ቀን ምታልኝ አለኝ፤ መታሁለት። ትንሽ ሰማና «ክንፈ፣ ክርህ ረግቧል» አለኝ። እውነትም ረግቦ ነበር። ቃኝቼ ቀና ስል አልፏል። መጨረሻ ያለው ይህ ነው። ትልቅ ነገር ጠብቀው እንዳያዝኑ ብዬ ነው ያልጻፍኩት።

ክንፈ


አሊዩ አምባ፣ ሐምሌ 2 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለወንድሜ ክንፈ።

ወርጄ ነበር። ደብዳቤህ መንገድ ላይ ነው ያገኘኝ። ሙሳ በቅሎዋን አቁሞ፣ ደብተራ በሌለበት በረሃ አንባቢ ፍለጋ ሁለት ሰዓት ሄድን። አንድ መንገደኛ የቄስ ተማሪ አነበበልኝ። ክሩ ረገበ የምትለዋ ላይ ሲደርስ ሳቅሁ፤ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ልጁ ደንግጦ ማንበቡን ተወ።

ትንሽ ነገር ነው ብለሃል። አይደለም። ሞትን ሳያስብ አንተን እያረመ ሄደ ማለት ነው። ይህን ያህል ጊዜ ስፈልገው የኖርኩት ይህንኑ ነበር፤ እንደ ራሱ ሆኖ መሞቱን።

በኢብሮ ስለያዝከኝ ተመልሻለሁ። ግን ይቅር በይኝ ላልከው አልልህም። ዘፈኔን ወስደሃል፤ ወጥተህ ራስህ መልስልኝ። እስከዚያ ድረስ በሶና ዳቦ ቆሎ በሙሳ እልካለሁ። ብላ። የተላከልህን ለሌላ እስረኛ አድለህ ጦምህን እንደምታድር ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ለሁለት ሰው እልካለሁ።

ራቢዓ


ሮቢት፣ የካቲት 6 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ራቢዓ።

በጥምቀት ማግስት ተፈታሁ። ለምን እንደ ፈቱኝ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በሶው ሕይወቴን እንዳተረፈልኝ እግዚአብሔር ያውቃል።

ለምን ወደ አሊዩ አምባ እንዳልመጣሁ ጠይቀዋል። በጥቅምት አንድ ቋጥኝ ተንሸራትቶ በግራ እጄ ላይ ወደቀ። ሦስት ጣት ነው የቀረኝ፤ ከሦስቱም አንዷ አትታጠፍም። የማሲንቆ ገዢው ግራ እጅ መሆኑን ያውቃሉ። ማሲንቆዬን ለአንድ ወሎዬ ሰጥቼዋለሁ። አሁን ከወንዙ ማዶ ማሽላ ጠባቂ ነኝ፤ ወፍ እየጮኹ ማባረር ለድምፄ ይስማማዋል።

ዘፈኑን መልስልኝ ብለውኝ ነበር። በባዶ እጄ ምን ይዤ ልምጣ? ግመሏ ግን ከኔ ቀድማ ሄዳለች። መንገዱ ወደ ሰሜን ሲዘረጋ ሠራተኞቹ ይዘዋት ሄዱ፤ ካራቆሬ ላይ ሲዘፍኗት የሰማ ነጋዴ አጋጥሞኛል። የማን እንደ ሆነች ጠይቄው «የአገር ናት» አለኝ።

ከእንግዲህ የምጽፈው ዜና የለኝም። ዝም ብል አይቀየሙኝ።

ክንፈ


አሊዩ አምባ፣ ግንቦት 21 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለወንድሜ ክንፈ።

ሁለት ዓመት ሦስት ደብዳቤ ልኬ አልመለስክልኝም። ሙሳ ግን «ደኅና ነው፣ ከሰው ሸሽቷል» ይለኛል። ይህን ደብዳቤ እጅህ ላይ ከማስቀመጡ በፊት ጆሮህ ሥር ቆሞ እንዲያስነብብህ አዝዤዋለሁ።

ጣሊያን መውጣቱን ሰምተሃል። እዚህም ከተማው ሰላም ነው፤ አቶ ይልማ ወደ ኬላው ሊመለስ ነው፤ ይህ የሚጽፍልኝ የመጨረሻው ሳይሆን አይቀርም። የሆነውን ግን ስማ።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ መሊካ ተዳረች። ሴቶቹ ጓዳው ሞልተው ሲያጨበጭቡ አንዲቷ «ኢብሮ በኖረና ጨውን በዘፈነልን!» አለች። ሁሉም አላህ ይማረው አሉ። እኔ ደግሞ ከየት እንደ መጣልኝ አላውቅም፣ ብድግ አልኩ። ዘፈንኳት። ጨረስኩና ሁሉም ሲስቁ «የኢብሮን እንዴት አድርገሽ ያዝሽው!» አሉኝ።

«የኢብሮ አይደለም» አልኩ። «የገጠምኩት እኔ ነኝ። ግመሏንም የገጠምኩት እኔ ነኝ። ሮቢት አንድ ሰው በኔ ፋንታ ታስሮበታል፤ ስሙ ክንፈ ይባላል።»

ከበሮ የያዘችው እጇን አየር ላይ አቆመችው። የአባቴ እኅት አክስቴ ናፊሳ፣ ሰማንያ ዓመት ይሆናታል፣ በሩ አጠገብ ነበረች። አሁን ትረግመኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን «እንዲያው፣ ያን ዓመት ጨው ሳያመጣ የቀረው እሱ ራሱ ኖሯል?» አለች። «እሱ ነው» አልኳት። ሱብሓነላህ፣ እንዴት ሳቀች! ሁለት ሴቶች ደግፈው ያዟት። ከዚያ «ሌላ በይ» አሉኝ። እስኪነጋጋ ድረስ አልለቀቁኝም ብል እዋሻለሁ፤ ግን ድምፄ እስኪዘጋ ድረስ አልለቀቁኝም።

አሁን በየሠርጉ ይጠሩኛል። በመጪው ወር የወንዶቹም ዳስ ጠርቶኛል። በጭብጨባ ነው የምዘፍነው፤ መቺ የለኝም። ጣቴ ጎደለ ብለህ ሁለት ዓመት ወፍ ስታባርር ኖርክ። ለማጨብጨብ ጣት አይቆጠርም። ዝም ማለቱንም ካንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ከጎኔ ተቀመጥና የቱ ጋ ዝም እንደምል በዓይንህ ንገረኝ።

አቶ ይልማ «ስለ ክንፈ አዲስ ግጥም ሠርተዋል፤ እሷንም ልጻፍለት» ብሎ ይለምነኛል። ከልክየዋለሁ። ይህችን በደብዳቤ አልልካትም። ሙሳ በቅሎ ጭኖ ይጠብቅሃል፤ ና እና ፊትህን እያየሁ ልዝፈናት። ከሳቅህ ትቀመጣለች፤ ካልሳቅህ እጥላታለሁ።

ራቢዓ